ቀይ ክር የታሰረባት ባትሪ

የአምስት ቀን የእግር ጉዞ አድርጌ መመለሴን የሰማችሁ የደብረ ብርሃን ወዳጆቼ መልእክታችሁ አንድ ነው፤ «ፎቶ ላክልን»። ፎቶ የለም። የሚላክ ፎቶ የለም ማለቴ ነው። ሁለት አሉ፣ እነሱም የእኔ አይደሉም። ስልሳ ያህል ደግሞ ነጭ ጭጋግ አለ፤ እሱ ካማራችሁ ነሐሴ ውስጥ በማለዳ በራችሁን ከፍታችሁ ወደ ውጭ እዩ፣ ያው ነው። ስለዚህ ካሜራው ሊያሳያችሁ የነበረውን እኔ ልጽፍላችሁ ነው። እየተነጫነጭኩ ከመሰላችሁ ታገሱኝ፤ ንዴቴ ገና አልበረደም።

ነገሩ የመጣው በማርቆስ ነው። ማርቆስ ሶዶ በተመደብኩበት መሥሪያ ቤት ጠረጴዛው ከጠረጴዛዬ ጋር የተፋጠጠ ባልደረባዬ፣ የወላይታ ልጅና ሲበዛ ቀልደኛ ነው። እናቱ በልጅነቱ ስለሞተች ያሳደገችው አክስቱ ዳሮቴ ናት። እሷም ከአረካ ወዲያ፣ ከአጆራ ፏፏቴ በላይ ባለው ዳገት ላይ ትኖራለች። ባለፈው መስቀል ወድቃ ዳሌዋን ታማ ከርማ ነበር፤ ከዚያ ወዲህ ማርቆስን አንድ ሐሳብ ይዞታል። የአክስቱ ፎቶ የለውም። ሁለት ጊዜ በስልክ አንስቷት ሁለቱም ስልኮች ጠፉ፤ አሁን የያዘው ቁልፍ ያለው ስልክ ደግሞ ሰው ሲያነሳ ጥላ ነው የሚያወጣው። የቀረው የቀበሌ መታወቂያዋ ላይ ያለው ጉርድ ፎቶ ነው፤ እዚያ ላይ በሬ ሰርቃ የተያዘች ትመስላለች።

«ክረምቱ ሳይወጣ እንሂድ» አለኝ። «አንተ ተራራህንም ፏፏቴህንም እንደፈለግክ አንሳ። እኔ የምፈልገው አንድ ፎቶ ነው። ግድግዳ ላይ የሚሰቀል።»

ይህን ሲለኝ ቀልዱ የለም። እኔም ሐሳቡ ገባኝ። አባቴ ሲሞት ለቀብሩ ከመታወቂያው ላይ ያስፋነው ፎቶ ፊቱ ካሬ በካሬ ሆኖ ነበር የወጣው። ባለካሜራው ልጁ ደግሞ ዕድሜ ልኬን የገብስ ማሳና የፈረስ ጋሪ ሳነሳ ኖሬያለሁ። እስከ ዛሬ አፍራለሁ።

ስለዚህ ቃል ገባሁ። ካሜራዬን የገዛሁት ሥራውን ከተወ የሰርግ ፎቶ አንሺ ስለሆነ ሦስቱም ባትሪዎቼ ስንት ሰርግ ጨፍረው የደከሙ ሽማግሌዎች ናቸው። ሦስቱንም ሞላሁና አንዷ ላይ ቀይ ክር አሰርኩባት።

«ይቺ የአክስትህ ናት» አልኩት። «ሰማይ ቢወርድ አልነካትም።»

ቻርጀሩን ቦርሳዬ ውስጥ ስከት ማርቆስ አወጣው። «ይሄ ምን ያደርግልሃል? እዚያ ላይ መብራት የለም። ዳገቱን ስትወጣ መርፌም ይከብድሃል» አለኝ። አልጋዬ ላይ ትቼው ወጣሁ። ይህን ልብ በሉልኝ።

ሰኞ

ከሶዶ መናኸሪያ በሚኒባስ ወደ አረካ ወጣን። ሕጌን ለማርቆስ አስቀድሜ ነገርኩት፤ በመንገድ ላይ ባትሪ ከካሜራው ይወጣል፣ ያነሳሁትን መልሼ በስክሪን አላይም፣ ፍላሽ አይበራም፣ ለአንድ ነገር አንድ ፎቶ ነው።

«ካሜራህ ጾም ያዘ በለኛ» አለ።

እኛ አገር መኪና ውስጥ ተቀምጠህ የነገ መድረሻህን ዛሬ ታየዋለህ፤ ሜዳው ለጥ ያለ ነው። እዚህ ግን መንገዱን ግራና ቀኝ እንሰትና በቆሎ ስለሚያጥረው ከፊት ያለው መኪና እንኳን በመጠምዘዣ ሁሉ ይጠፋል። የእኛ አጥር ድንጋይ ነው፣ የእነሱ ቅጠል። በየቤቱ ደጅ ደግሞ ከብት ጥርግ አድርጎ የጋጠው የሚመስል አረንጓዴ መስክ አለ፤ ከሣር ክዳኑ ቤት በፊት የሚታየው እሱ ነው። ሁሉም ለፎቶ የሚያስጎመዥ ነው። አንድም አላነሳሁም። እየቆጠብኩ ነበራ።

ከአረካ በባጃጅ፣ ከዚያ በእግር ዱቦ ደረስን። ያደርነው የማርቆስ የድሮ አስተማሪ የነበሩት፣ አሁን ጡረታ የወጡት መምህር ጴጥሮስ ቤት ነው። የተቀቀለ ጎዳሬ በዳጣ ቀረበልን። ዳጣ ማለት የወላይታ እርጥብ በርበሬ ነው፤ የእኛን አዋዜ የለመደ ሰው ይንቀውና ሁለተኛ ጉርሻ ላይ እንባውን ይጠርጋል። እኔም ጠረግሁ። ባለቤታቸው ሳትጠየቅ እርጎ አመጣችልኝና እስክጨርስ ድረስ አጠገቤ ቆማ ጠበቀች።

እንዲህ ያስተናገደን ቤት ፎቶ አንሳን ሲል አይ አይባልም። መስኩ ላይ አስቁሜ አንድ አነሳሁ። መምህር ጴጥሮስ እጃቸውን ዘረጉ።

«እስኪ እንየው።»

ሰጠኋቸው። ቀስ ብለው አዩት፤ ለባለቤታቸው አሳለፉ። እሷ ለእህቷ። ከዚያ መምህሩ ወደ አጥሩ ዞረው በወላይትኛ ተጣሩና ጎረቤት መምጣት ጀመረ።

«መምህር፣ ባትሪው…» አልኩ።

«ልጄ» አሉኝ፣ በክፍል ውስጥ ይናገሩበት በነበረው ድምፅ፣ «ጥሩ ነገር ለብቻ አይታይም። የጎረቤት ዓይን ካላረፈበት ምኑን ታየ?»

እንግዲህ ምን ይባላል? ካሜራው በዕድሜ ቅደም ተከተል ከእጅ ወደ እጅ እየዞረ መስኩን አካለለ። አንዲት አሮጊት የሰርግ አንሺው ሳያጠፋው የቀረ የማላውቃቸው ሙሽሮች ፎቶ አግኝታ እነሱንም መረቀች። ተመልሶ እጄ ሲገባ ስክሪኑ ጨልሞ ነበር። አንድ ፎቶ፣ አንድ ባትሪ።

ማክሰኞ

ዝናብ። ስለ ዝናቡ ብዙ አልልም፤ የእኛ አገር ጭቃ ጥቁር ሆኖ ጫማ ይይዛል፣ የዚህኛው ቀይ ሆኖ ሰውየውን ራሱን ይጥላል። ሦስት ጊዜ ወደቅሁ። አራተኛው ላይ፣ አንድ ትንሽ ወንዝ ስንሻገር፣ ስልኬ ከደረት ኪሴ ወጥቶ ውኃ ውስጥ ገባ።

«ካሜራውን ያዝልኝ» ብዬ ለማርቆስ አቀበልኩትና እስከ ጉልበቴ ገብቼ ዳበስኩ። አጠገባችን ልብስ የምታጥብ ሴትዮ ሥራዋን ትታ ገባች፤ እሷ ናት ያገኘችው። ስልኩ ሞቷል። ሴትዮዋ ግን በጥፋተኛ ዓይን እያየችኝ በነጠላዋ ጫፍ አደራረቀችልኝ፣ የእሷ ወንዝ የሠራው ጥፋት ይመስል። ማርቆስ በበኩሉ ካሜራውን ለጥንቃቄ ቦርሳው ውስጥ ከቶታል።

ወደ ማታ አንዲት ትንሽ ከተማ አልጋ ያዝን። የአልጋ ቤቱ ባለቤት፣ ሰውነቷ ሞላ ያለ ሴትዮ፣ እግሬን አይታ ካልሲዬን አስወለቀችኝና ምድጃ አጠገብ ሰቀለችው፤ ዝንጅብል የበዛበት ሻይም ሰጠችኝ። ካሜራውን ከማርቆስ ቦርሳ ሳወጣ ግን ሻዩን አስቀመጥኩት። ቀይዋ የባትሪ ምልክት ብልጭ ትላለች። ጠዋት የከተትኳትን ሁለተኛዋን ባትሪ ሕጌን ረስቼ አላወጣኋትም፤ ማርቆስም ወንዙ ዳር ሲቀበለኝ የቪዲዮውን ቁልፍ ተጭኖታል።

ግማሽ ሰዓት ሊሞላው ትንሽ የቀረው ፊልም። ሥዕሉ ጨለማ ነው፤ የማርቆስ ቦርሳ ሆድ። ድምፁ ግን ጥርት ያለ ነው። እኔ ነኝ። ስለ ጭቃው፣ ስለ ዝናቡ፣ ስለ መምህሩ ጎረቤቶች፣ ስለ ባትሪ አያያዝ ያለማቋረጥ እነጫነጫለሁ፤ በየመሃሉ ማርቆስ «እሺ»፣ «እውነትህን ነው»፣ «እግርህን አንሳ» ይላል።

ማርቆስ ከሳቁ የተነሳ አልጋው ላይ ተንጋለለ። «ይሄን እንዳታጠፋው። ሚስት ስታገባ እናሰማታለን፤ አውቃ ትግባ።»

ድገመው አለኝ። አልደግምም ስለው ራሱ ደገመው። ሊያልቅ የነበረው ባትሪም አለቀ። የቀረችኝ ባለ ቀይ ክሯ ብቻ ሆነች፤ ሸሚዜ ውስጥ ከትቼ ተኛሁ።

ረቡዕ

አሁን የምጽፈውን መጻፍ አልፈልግም ነበር።

አጆራ ደረስን። ሁለት ወንዞች ጎን ለጎን መጥተው አንድ ገደል ውስጥ ይወረወራሉ። ድምፁ ደረት ላይ ይሰማል። ማርቆስ የሚያውቀው ሰው አግኝቶ ወሬ ያዘ፤ እኔ ገደሉ አፋፍ ላይ ብቻዬን ቆምኩ። ቆሜ ስንት ቀን ስቆጥብ እንደከረምኩ አሰብኩ። ለዚህ ፏፏቴ አይደል የመጣሁት? ሦስት ብቻ አነሳለሁ አልኩ። ክሩን ፈታሁ።

ሦስቱን አነሳሁ። ጭጋጉ ገለጥ አለ፣ ሦስት ጨመርኩ። ፀሐይ ወጋ አደረገች፣ አሥር ጨመርኩ። በየመሃሉም ራሴ ያወጣሁትን ሕግ ጥሼ በስክሪኑ አያለሁ፤ ነጭነቱን የጭጋጉ አደረግሁት። ሌንሱን ርጥበት እንደሸፈነው ያየሁት ስልሳ ካለፍኩ በኋላ ነው። ሁሉም ነጭ። ያን ጊዜ ምልክቷ ቀልታ ብልጭ፣ ብልጭ አለች። ካሜራውን አጠፋሁ።

ከዚያ ምን አደረግሁ? ባትሪዋን አውጥቼ ቀዩን ክር መልሼ አሰርኩባት። ምንም እንዳልተነካች። በዚህ ዕድሜዬ!

ዳገቱን ስንወጣ ማርቆስ ደስ ብሎት ነበር። ይሄ የተማርኩበት፣ ይሄ ከብት የጠበቅሁበት እያለ ያሳየኛል። እኔ እሺ፣ እሺ እላለሁ። መንገድ ላይ ሦስት ቤት አስገቡን፤ ሦስቱም ቤት በላን፤ አይሆንም ማለት ነውር ነው ብሎኛል ማርቆስ። ወደ ላይ በወጣን ቁጥር ጭጋጉ እየወፈረ፣ ብርዱ እየጠና መጣ። ወላይታ ሞቃት ነው ብላችሁ ሹራብ ሳትይዙ እንዳትመጡ የምላችሁ ከዚህ ተነስቼ ነው።

ዳሮቴ ቀጭን፣ ረጅም፣ በምርኩዝ የምትሄድ ሴት ናት። ማርቆስ «አዬ» ነው የሚላት፤ በወላይትኛ እናቴ እንደማለት ነው። አንገቱን ይዛ ብዙ ሳመችው። ከዚያ እኔን ይበልጥ ሳመችኝ። አማርኛዋን አረካ ገበያ ቅቤ ስትሸጥ ነው የተማረችው፤ ይበቃታል።

«ያንተ አገር ሩቅ ነው አሉ። ብርድ ነው አሉ» አለችኝ። «እናት አለህ?»

«አለች።»

«ብቻዋን?»

«አዎ።»

ከንፈሯን መጠጠችና ወደ ጓዳ ገባች። ማርቆስ ክንዴን ያዘኝ። «ገና ብርሃን አለ። በል አውጣት ባለ ቀይ ክሯን።»

አስገባኋት። ካሜራው አንድ ጊዜ ብልጭ ብሎ ጠፋ። እንደገና ሞከርኩ፤ እሱም የለም። የፈሩት ይደርሳል የጠሉት ይወርሳል ይሉታል። ማርቆስ ካሜራው የተበላሸ መስሎት ሊያጽናናኝ ጀመረ፤ ያን መስማት አቃተኝ።

«አልተበላሸም። ፏፏቴው ላይ ጨርሻታለሁ» አልኩት። «ሦስት ብቻ ብዬ ነበር።»

ማርቆስ አልሰደበኝም። ቢሰድበኝ ይሻል ነበር። ደጁ ላይ ካለው ግንድ ላይ ተቀመጠና መስኩን አየ። «መስቀል ላይ እመጣ ይሆናል» አለ። «ካለች።»

አክስቱ ከጓዳ ወጣች። ማርቆስ በወላይትኛ ነገራት፤ እኔ የገባኝ «ባትሪ» የሚለው ብቻ ነው። እሷ ሳቀች። ምሰሶው ላይ የተንጠለጠለውን ራዲዮኗን በምርኩዟ አሳየችኝ።

«ድንጋይዋ ደከመች እንጂ አልሞተችም» አለችኝ። «የራዲዮም ይደክማል። ፀሐይ ላይ ሲሰጣ ይነሳል። አምጣ።»

«እማማ፣ ይሄ እንደ ራዲዮ ድንጋይ አይደለም» አልኩ። ሊትየም ስለሚባል ነገር፣ ስለ ቻርጀር፣ ስለ ሶኬት አስረዳኋት። ከጉዞው ንዴት ሁሉ ጋር ነው ያስረዳኋት፤ ድምፄም ከፍ ብሎ ነበር። እሷ እጇን ዘርግታ ጠበቀችኝ። ማርቆስ ሳያየኝ «ስጣት» አለ። ሦስቱንም ሰጠኋት።

ፀሐይ ስለሌለ በቀሚሷ ደረት ውስጥ ከተተቻቸው፣ ላዩን በነጠላ አጥብቃ አሰረች። እንደዚያው ሆና እሳት አነደደች፣ እንሰት ከተፈች፣ ላሟን አለበች። እንደዚያው ሆና ተኛች።

ሐሙስ

ስነቃ ጭጋጉ በሩ ድረስ መጥቷል። ዳሮቴ ቀድማን ተነስታለች። ለፎቶው ያጠበችው ነጭ ቀሚስ ግድግዳው ላይ ተሰቅሏል፤ እሷ ግን ገና የጓዳ ቀሚሷን፣ አመድ የነካውን እንደለበሰች ናት። ከደረቷ አውጥታ ባትሪዎቹን በመዳፌ ላይ አኖረቻቸው።

ሞቃት ነበሩ። ያኔ ነው ያስታወስኩት። አባቴም ራዲዮው ሲደክምበት ድንጋዮቹን ነክሶ ፀሐይ ላይ ያሰጣቸው፣ በኅዳር ውርጭ ደግሞ ካፖርቱ ውስጥ ይዞ ያድር ነበር። ብርድ የባትሪን ጉልበት እንደሚይዝ ከእኔ ከደብረ ብርሃን ልጅ በላይ ማን ያውቃል? ፏፏቴው ላይ ርጥበትና ብርድ ውስጥ ያደከምኳት ባትሪ ስትሞቅ ትንሽ ነገር ልትሰጥ ትችላለች። ትንሽ። ከቀዘቀዘች ግን አበቃ።

«አሁኑኑ!» አልኩ። «እማማ፣ እዚህ በሩ ላይ ይቁሙልኝ፣ ብርሃኑ እዚህ ነው።»

«ብላ መጀመሪያ» አለች። ኡንጫ የሚሉትን የእንሰት ቂጣ ከአይብ ጋር በሳህን ይዛለች።

«ከፎቶው በኋላ እበላለሁ።»

«ሳይበላ ሥራ የለም። ነጩንም ልልበስ።»

«ባትሪዋ ትቀዘቅዛለች!»

«አንተ ነህ የምትቀዘቅዘው። ብላ።»

ማርቆስን አየሁት፤ አገሩ ነው፣ አክስቱ ናት፣ አንድ ነገር ይንገራት። እሱ ግን በዚህ ቤት ሳይበላ የወጣ እንግዳ የለም በሚል ዓይን ያየኛል። ባለ ቀይ ክሯን አስገባሁ። ካሜራው ነቃ። ወደ ዳሮቴ አዞርኩት። እሷ ደግሞ ሳህኑን ይዛ እየመጣችብኝ ነው፣ አፏ ተከፍቶ፣ ቅንድቧ ወጥቶ፣ እየተቆጣችኝ። ተጫንኩ። አንድ ጊዜ ቀጭ አለ። ሁለተኛውን ስጫን ጨለመ። ሌሎቹን ሁለቱን ሞከርኩ፤ ምንም የለም።

ነጩን ቀሚስ ለብሳ ስትወጣ ካሜራው ሞቶ ጠበቃት። «ቆይ አልኩህ» አለችኝ። እሷም ተናደደች። ከዚያ ተቀምጠን በላን።

ስንሰናበት ማርቆስ በር ላይ ብዙ ቆየ። ከዚያ ቁልቁል ወረድን። የቀበሌው ጤና ኬላ ጋ ስንደርስ ውኃ ለመጠጣት ገባን። ለክትባት ፍሪጅ ከተተከለው የፀሐይ መብራት ተስቦ ግድግዳው ላይ ሁለት ሶኬት ተገጥሟል። የጤና ባለሙያዋ «ስልክ ያለው ሰው ሁሉ እዚህ ነው የሚሞላው» አለችን። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ። ቻርጀሬ ሶዶ አልጋዬ ላይ ተዘርግቷል። ማርቆስን አየሁት። ማርቆስ ጣሪያውን ያያል።

«ሲሠሩት አልነገሩኝማ» አለ።

ዓርብ

ሶዶ ስንገባ ሌላውን ሁሉ ትቼ ባትሪዋን ሰካሁ። ማርቆስ ቤቱ አልሄደም፤ አጠገቤ ተቀመጠ። ፎቶው መመዝገቡን እንኳን አላወቅንም ነበር።

ተመዝግቧል። ሳህኑ ከፊት ትልቅ ሆኖ ወጥቷል፤ ከኋላው ዳሮቴ፣ አመድ የነካው ቀሚሷ፣ የተከፈተ አፏ። ትንሽ ጎንበስ ብላለች። እኔ በሙያ ዓይን አየሁትና አፈርኩ። «ይቅርታ» አልኩት። «ቀሚሱን እንኳን አላስለበስኳትም። ስትቆጣ ነው የወጣችው።»

ማርቆስ ካሜራውን ተቀብሎኝ ወደ ዓይኑ አስጠጋው።

«ሁልጊዜ ከዚህ ነው የማያት» አለ። «ከሳህኑ በታች ሆኜ። ነጭ ለብሳ ብትቀመጥ ማን ናት እል ነበር።»

ዓይኑን ጠረገ፤ ዳጣው ነው ብሎ አልቀለደም። ማስፋት ነበረብን፣ አሰፋነው፤ ፊቷ ካሬ አልሆነም። አሁን ከምግብ ጠረጴዛው በላይ ተሰቅላለች። ቤቱ በሄድኩ ቁጥር ሳልበላ መውጣት አልቻልኩም።

በዚያው ምሽት በማርቆስ ስልክ ደብረ ብርሃን ለእናቴ ደወልኩላት። ለመስቀል እመጣለሁ፣ ፎቶ ላነሳሽ ነው አልኳት።

«እንግዲያው የሀገር ልብሴን አጥቤ ልተኩሰው» አለች።

«ተዪው እማዬ» አልኳት። «እንዳለሽ ቆዪኝ።»